ያልተጠየቀ እንከን፦ ያገለገለ የአልሙኒየም ጀልባና የሻጭ ዝምታ

ያገለገለ ዕቃ የሚሸጥ ሰው የሚያውቀውን እንከን ገዢው ሳይጠይቀው የመናገር ግዴታ አለበት ወይስ የለበትም? መዋሸት እንደማይገባው ማንም አይክድም። ክርክሩ ያለው ዝምታው ላይ ነው። ሻጩ አልዋሸም፤ «ምንም አልሆነም» ብሎ አልማለም፤ ገዢው ዕቃውን ገልብጦ እንዳያይም አልከለከለም። ገዢው አየ፣ ዋጋ ተከራከረ፣ ከፈለ፣ ጭኖ ሄደ። ሻጩ ግን ገዢው የማያውቀውን አንድ ነገር ያውቅ ነበር።

ጥያቄው በአልጋም፣ በማቀዝቀዣም፣ በመኪናም ሽያጭ ይነሣል። ጥርት ብሎ የሚወጣው ግን ያገለገለ የአልሙኒየም ዓሣ ማጥመጃ ጀልባ ሲሸጥ ነው። የጀልባ እንከን ዕቃው በሚሸጥበት ቦታ አይታይም፤ የሚታየው ውሃ ላይ ነው። እንከኑ በተገለጠ ጊዜ ደግሞ የሚጠፋው ገንዘብ ብቻ ላይሆን ይችላል።

በአዲስ አበባ ምዕራብ፣ ከመርካቶ ጎን ያለው ኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ ነገሩን ለመመርመር የተመቸ ቦታ ነው። ያገለገለ ነገር ከእጅ ወደ እጅ ሲሻገር የሚውልበት ሰፈር ነው። ቆራሌው በየመንደሩ እየተጣራ አሮጌ ብረት፣ ጠርሙስና የተሸነቆረ ድስት ይገዛል፤ ልዋጮች አሮጌ ልብስና ጫማ ተቀብለው አዲስ የፕላስቲክ ዕቃ ይሰጣሉ፤ ቆሼ በሚባለው የቆሻሻ መጣያ ላይ የሚለቅሙ ሰዎችም ከቆሻሻው ብረታ ብረት ለይተው ያወጣሉ። የተሰበሰበው መርካቶ ውስጥ ወዳለው ምናለሽ ተራ ሲወርድ አንዱ ተጠግኖ ይሸጣል፣ ሌላው ቀልጦ አዲስ ዕቃ ይሆናል። ሐይቅ ግን በአካባቢው የለም። በቅርብ ያለው ሰፊ ውሃ በአምቦ መንገድ የሚገኘው ገፈርሳ ነው፤ እሱም የከተማው የመጠጥ ውሃ ግድብ እንጂ ጀልባ የሚሞከርበት አይደለም። እንግዲህ አንድ ጀልባ ከአንድ ፕሮጀክት መጋዘን በጨረታ ወጥቶ ኮልፌ ውስጥ ባለ ግቢ ተቀምጧል እንበል። በዝዋይ ሐይቅ ዳር ካለችው ባቱ ከተማ የመጣ ዓሣ አጥማጅ የሚያየው ደረቅ መሬት ላይ ተደፍቶ ነው። ጀልባው ውሃ የሚነካው 160 ኪሎ ሜትር ያህል ተጭኖ ዝዋይ ሐይቅ ዳር ሲደርስ፣ ማለትም ገንዘቡ ከተከፈለና ውሉ ከተፈረመ በኋላ ነው።

ነገሩ ከዕቃው ዕድሜም ጋር የተያያዘ ነው። በጣና ሐይቅ ወይጦዎች ከደንገል የሚሠሩት ታንኳ ዕድሜው አጭር ነው። ውሃ እየጠጣ ይከብዳል፣ ፀሐይ ላይ ደርቆ እንደገና ይገባል፣ ብዙም ሳይቆይ ይበሰብሳል። ማርጀቱን ለማወቅ ባለሙያ መጥራት አያሻም፤ የላላውና የጠቆረው ደንገል ራሱ ይናገራል። አልሙኒየም ግን አይበሰብስም፣ እንደ ብረትም አይዝግም፤ ላዩ ላይ የሚፈጠረው ስስ የኦክሳይድ ሽፋን ይጠብቀዋል። በወጉ የተያዘ ጀልባ ሁለትና ሦስት ባለቤት ሊያፈራርቅ ይችላል። ዕቃው እንዲህ ከባለቤት ባለቤት ሲሻገር ታሪኩ ተከትሎት አይሄድም። ከድንጋይ የተጋጨበት፣ የተበየደበት፣ አንድ ክረምት ሙሉ ውሃ ተኝቶበት የከረመበት ጊዜ የሚታወቀው ባለቤት የነበረው ሰው ሲናገር ብቻ ነው። የሻጭ ዝምታ ክብደት የሚያገኘው ከዚህ ነው።

የአልሙኒየም ጀልባ በዋነኛነት በሁለት መንገድ ይሠራል፤ አንዱ ቆርቆሮውን በሪቬት መግጠም፣ ሌላው በአርጎን መበየድ ነው። በሪቬት የተገጠመውን ማዕበል በናጠው ቁጥር ሪቬቶቹ ቀስ በቀስ ይላላሉ። የተበየደው ደግሞ ከብየዳው ጥግ፣ በተለይም የውስጥ ማጠናከሪያዎቹ ከሆዱ ጋር በሚገናኙበት ቦታ ይሰነጠቃል። መዳብ በእርጥበት ውስጥ ከአልሙኒየም ጋር ሲነካካ የሚበላው አልሙኒየሙ ነው፤ ጀልባው ውስጥ የተረሳ የመዳብ ሽቦ ቁራጭ ከጊዜ ብዛት ቆርቆሮውን ይቦረቡረዋል። ለማወቅ የሚያስቸግረው ግን ከኋላ ያለው፣ ሞተር የሚታሰርበት ሳንቃ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ውስጡ ኮምፔንሳቶ ሲሆን ላዩ በአልሙኒየም ይሸፈናል። በብሎን ቀዳዳ የገባ ውሃ እንጨቱን ከውስጥ ያበሰብሰዋል፤ ሽፋኑ ግን እንዳማረበት ይቀራል። ከመቀመጫው ሥር የሚቀመጠው፣ ጀልባው ውሃ ቢሞላው እንኳ እንዳይሰጥም የሚደግፈው ፎምም በብዙ ዓመት ውሃ ጠጥቶ ሥራውን ሊያቆም ይችላል።

ይህን ሁሉ አንድ እጅ ቀለም ይሸፍነዋል። ስንጥቁ በስቱኮ ይሞላል፣ በብርጭቆ ወረቀት ይለሰልሳል፣ ብርማ ቀለም ይቀባል፤ ከዚያ በኋላ ጣት እንኳ አይለየውም። ሆኖም ደረቅ መሬት ላይ ያለ ጀልባ የሚመረመርበት መንገድ አለ። ጀልባው በጠንካራ እንጨቶች ላይ ከፍ ተደርጎ ይቀመጣል፤ ሆዱ ከውጭ በኩል በጨርቅ እስኪደርቅ ይወለወላል፤ ውስጡ ጥቂት ጣት ከፍታ ያለው ውሃ ይፈስበታል። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ስለሚመዝን፣ ከሥሩ ደጋፊ የሌለውን ቆርቆሮ እንዳያጎብጠው ከዚያ በላይ አይሞላም። ከዚያ መርማሪው ከሥር ተንበርክኮ ይጠብቃል። ከአንዱ ሪቬት ራስ ዙሪያ ላብ የመሰለ እርጥበት ይወጣል፤ ይሰበሰባል፤ ጠብ ይላል። ቦታው በጠመኔ ይከበባል። የኋላው ሳንቃ በመዶሻ እጀታ ሲንኳኳ ጤነኛው ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፣ የበሰበሰው ድምፁ ይታፈናል። ምርመራው ውሃና ትዕግሥት እንጂ ሌላ ወጪ የለውም። ገዢው ዘዴውን ካላወቀው ግን የለም ማለት ነው፤ ሻጩ ብዙ ጊዜ ያውቀዋል።

ስለዚህ እንከን ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። ጎኑ የተጨረመተ፣ መቀመጫው የተነቀለ ጀልባ ጉድለቱን ራሱ ያሳያል፤ ሻጩ እሱን መቁጠር አይጠበቅበትም። ቢፈተሽ የሚገኝ እንከን አለ፤ በዚህ ገዢም ሻጭም ድርሻ አላቸው። ባለቤቱ ካልተናገረ በስተቀር ማንም የማይደርስበት እንከንም አለ፤ በስቱኮ ተሞልቶ ቀለም የተቀባበት ስንጥቅና ከመቀመጫ ሥር ውሃ የጠጣ ፎም ከዚህ ይመደባሉ። ክርክሩ የሚጸናው በዚህኛው ላይ ነው።

ከጥንት ሰዎች ክርክሩን በግልጽ ጽፎ ያቆየው ሮማዊው ሲሴሮ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ44 ዓመት ስለ ግዴታዎች በጻፈው መጽሐፍ ሦስተኛ ክፍል ሁለት የእስጦይክ ፈላስፎችን፣ የባቢሎኑን ዲዮጋንስንና ደቀ መዝሙሩን አንቲጳጥሮስን ያከራክራል። ጉዳዩ የቤት ሽያጭ ነው። ቤቱ ለጤና የማይስማማ ነው፤ መኝታ ክፍሎቹ ውስጥ እባብ ይገባል፤ እንጨቱም የማይረባ ነው፤ ይህን የሚያውቀው ባለቤቱ ብቻ ነው። ዲዮጋንስ ሻጩን ይከላከላል፤ ግዛ ብሎ ያስገደደ የለም፣ አለመናገርና መደበቅም አንድ አይደሉም ይላል። የራሱን ዕቃ ጉድለት በአዋጅ እያስነገረ የሚሸጥ ሰውም ሞኝ ሆኖ ይታየዋል። አንቲጳጥሮስ ይህን ለጠፋበት ሰው መንገድ ከመንፈግ የባሰ ያደርገዋል፤ እያወቁ ሰውን ወደ ስሕተት መምራት ነውና። ሲሴሮ የፈረደው ለአንቲጳጥሮስ ነው።

የዲዮጋንስ ክርክር በቀላሉ የሚጣል አይደለም፤ ዛሬም በየገበያው ያለ ነው። «ዓይን አለው፣ አይቶ ገዛ» የሚለው የነጋዴ መከላከያ ከዚያ አይርቅም። ጉድለቱ ያለው ግን ለማየት ነፃ መሆንንና ለማየት መቻልን አንድ በማድረጉ ላይ ነው። ግቢው ውስጥ ጀልባውን ሦስት ጊዜ የዞረው ዓሣ አጥማጅ ነፃ ነው፤ ከቀለሙ ሥር ያለውን ግን ሊያይ አይችልም። ይህን ለመለየት ሻጩ ራሱን አንድ ነገር መጠየቅ ይበቃዋል፤ ብናገር ዋጋው ስንት ይወርዳል? ምንም የማይወርድ ከሆነ ዝም የሚልበት ምክንያት የለውም። አሥር ሺህ ብር የሚወርድ ከሆነ ደግሞ ያ አሥር ሺህ ብር የጀልባው ዋጋ አይደለም፤ የዝምታው ዋጋ ነው። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም በአማርኛ «የሰው ሐቅ» የሚሉት ይህንኑ ነው።

በእስልምና የንግድ ሥርዓት ጉዳዩ በግልጽ ተደንግጓል። ነቢዩ በገበያ ሲያልፉ እጃቸውን የእህል ክምር ውስጥ አስገብተው ከሥር እርጥብ ሆኖ እንዳገኙት፣ ሰው ሊያየው ከላይ መሆን ነበረበት ብለው ሻጩን እንደገሠጹና አታላይን ከወገናቸው እንደለዩ በኢማም ሙስሊም የሐዲስ ስብስብ ተዘግቧል። ሻጩ ያስረዳው ዝናብ እንዳገኘው ነው፤ ውሃ የጨመረበት እሱ አልነበረም። ጥፋቱ ደረቁን ከላይ፣ እርጥቡን ከታች ማድረጉ ነው፤ ቃልም አልተናገረበትም። የፊቅህ፣ ማለትም የእስልምና ሕግ ሊቃውንትም እንከን ላገኘ ገዢ ዕቃውን የመመለስ መብት ሰጥተዋል።

ከሁሉ የሚያስተምረው ግን በ1111 እ.ኤ.አ. ያረፈው የእስልምና ሊቅ አል-ገዛሊ በታላቁ መጽሐፉ በኢሕያእ ውስጥ ያስቀመጠው የነቢዩ ባልደረባ የዋሲላ ኢብኑል አስቀዕ ታሪክ ነው። አንድ ሰው ግመል በሦስት መቶ ዲርሃም ሸጠ። ዋሲላ ሻጭም ደላላም አልነበረም፤ ቆሞ ያየ ሰው ነው። ገዢው ግመሏን ይዞ ሲሄድ ተከትሎት ጮኾ የጠየቀው ለሥጋ ነው የገዛሃት ወይስ ለመንገድ ብሎ ነው። ለመንገድ መሆኑን ሲሰማ ኮቴዋ ቀዳዳ እንዳለው፣ ረጅም ጉዞ እንደማትችል ነገረው። ገዢው ተመልሶ ዋጋው መቶ ዲርሃም ተቀነሰለት። ሻጩ ገበያዬን አበላሸህብኝ ብሎ ዋሲላን ተቆጣው፤ ዋሲላም ለሙስሊም ሁሉ ቅን ምክር ለመስጠት ለነቢዩ ቃል መግባታቸውን አስታወሰው።

በዚህ ታሪክ ሰዎች የሚያነሡት አብዛኛውን ጊዜ የዋሲላን ሐቀኝነት ነው። ከሐቀኝነቱ በፊት ግን ጥያቄው ይቀድማል፤ ዋሲላ እንከኑን ከመናገሩ በፊት ግመሏ ለምን እንደተገዛች ጠየቀ። ለሥጋ ቢሆን ኖሮ የኮቴው ቀዳዳ እንከን አልነበረም። እንከን በዕቃው ላይ ብቻ ያለ ነገር አይደለም፤ በዕቃውና በሚሠራው ሥራ መካከል ያለ ነው። ኮልፌ ግቢ ውስጥ የተደፋውን ጀልባ በኪሎ መዝኖ ለማቅለጥ ለሚወስደው ነጋዴ ስንጥቁ ምኑም አይደለም፤ 660 ዲግሪ ላይ ሲቀልጥ ጤነኛውም የተሰነጠቀውም አንድ ነው። አራት ሰውና መረብ ጭኖ ሐይቅ ለሚገባው ግን ያው ስንጥቅ የሞትና የሕይወት ጉዳይ ነው። እንዲህ ከሆነ የሻጭ ግዴታ የሚጀምረው ከመናገር አይደለም፤ «ለምን ፈለጉት?» ብሎ ከመጠየቅ ነው። ያልጠየቀ ሻጭ አላወቅሁም ብሎ ሊከላከል አይችልም፤ ላለማወቅ የመረጠ ራሱ ነውና።

ይህ በኮልፌ አጠና ተራ በየቀኑ የሚታይ ነገር ነው። የተከመረው የባሕር ዛፍ አጠና ላይ ላዩን አንድ ነው፤ የሚሄድበት ሥራ ግን ይለያያል። ስንጥቅ ያለበት አጠና ለአጥር ቢቆም ችግር የለውም፤ ዘንበል ቢል ባለቤቱ ያቃናዋል። ያው አጠና ለፎቅ ግንባታ መወጣጫ ከሆነ በላዩ ላይ ሲሚንቶ የተሸከመ የቀን ሠራተኛ ይቆማል። ነጋዴው የገዢውን ሥራ ካወቀ በኋላ የተሰነጠቀውን አጠና ከጤነኛው ጋር አስሮ ቢሰጥ፣ ጥፋቱ ለአጥር ገዢ ከሰጠው ነጋዴ ጥፋት ጋር አይተካከልም።

በምዕራቡ ቤተ ክርስቲያን ቶማስ አኩዊናስ በ13ኛው ክፍለ ዘመን ወደዚሁ ደርሷል። እንከኑ የተሰወረ ሆኖ ገዢውን ለአደጋ ወይም ለጉዳት የሚዳርገው ከሆነ መናገር ግዴታ ነው፤ እንከኑ ግልጽ ሆኖ ዋጋውም በዚያው ልክ ከወረደ ግን ሻጩ እየዘረዘረ እንዲናገር አይገደድም። ምሳሌዎቹም ከአጠቃቀም የተወሰዱ ናቸው፤ አንካሳን ፈረስ እንደ ፈጣን፣ ሊፈርስ የደረሰን ቤት እንደ ጽኑ አድርጎ መሸጥ። አኩዊናስ ወሰንም አስቀምጧል። ረኃብ ወዳለበት አገር እህል ይዞ የገባ ነጋዴ ከኋላው ሌሎች ነጋዴዎች እየመጡ መሆኑን የመናገር የፍትሕ ግዴታ የለበትም፤ የነገ ዋጋ የዕቃው እንከን አይደለምና። ወሰኑ ተገቢ ነው። ጀልባ ሻጩ በሚቀጥለው ወር ሌላ ጨረታ እንደሚወጣ ቢያውቅና ዝም ቢል ቸርነት ጎደለው ይባል ይሆናል፤ ሌባ ግን አይባልም። ስንጥቁን ሲደብቅ ነው ሌላ የሚሆነው።

በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ትምህርት መነሻው ኦሪት ነው። ኦሪት ዘጸአት የሚዋጋ በሬ ስላለው ሰው ሲደነግግ ሁለት ሁኔታ ይለያል፤ በሬው ተዋጊ መሆኑን ባለቤቱ ካላወቀ ነጻ ነው፣ ተነግሮት ሳያስረው ከቀረና ሰው ከሞተ ግን ባለቤቱም ተጠያቂ ነው። ኦሪት ዘዳግም ደግሞ አዲስ ቤት የሠራ ሰው ወድቆ በሚሞት ሰው ደም እንዳይጠየቅ ለጣሪያው መከታ እንዲያደርግ ያዛል። ሁለቱም ስለ ገበያ የተነገሩ አይደሉም። ነገር ግን አደጋን ማወቅ በራሱ ግዴታ እንደሚያመጣ ያስተምራሉ፤ የሚፈልገውም ክፉ ሐሳብ አይደለም፣ ማወቅ ብቻ ነው። ጀልባው ሲሸጥ ዕቃው ከባለቤቱ እጅ ይወጣል፤ ባለቤቱ የነበረው ሰው እውቀት ግን አብሮ አይሸጥም።

ፍትሐ ነገሥትም ሽያጭን ከሥጋዊው ክፍል አስገብቶ ይዳኘዋል። መጽሐፉ በግብፅ በ13ኛው ክፍለ ዘመን በኢብኑል አሳል በዐረብኛ ተዘጋጅቶ ወደ ግእዝ የተመለሰ ሲሆን ከቢዛንታይን ሕግ ብዙ ወስዷል፤ አጥኚዎች የእስልምና ፊቅህ አሻራም አግኝተውበታል። ገበያ ላይ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ አንድ ቋንቋ መናገራቸው እንግዳ ነገር አይደለም ማለት ነው።

እዚህ ላይ ሊነሣ የሚገባው ተቃውሞ የድሀ ሻጭ ነው። ጀልባውን የሚሸጠው ሰው ቸግሮት፣ ሰው ታሞበት ሊሆን ይችላል፤ እንከኑን ቢናገር ግማሽ ዋጋ ያጣል። ችግሩ እውነተኛ ነው፤ ቀለል አድርጎ ማለፍም አይገባም። ነገር ግን ችግሩ የሚተላለፈው ወዴት ነው? አዲስ ጀልባ መግዛት ያልቻለው ገዢም ያገለገለ የሚፈልገው አቅም አጥሮት ነው፤ ብዙ ጊዜ ተበድሮና የማኅበር ገንዘብ ሰብስቦ ነው የሚመጣው። የሻጩ ዝምታ ችግሩን አያጠፋውም፤ ከራሱ አውርዶ ለማያውቅ ሰው ያሸክመዋል።

ገዢም ከተጠያቂነት አያመልጥም። መጽሐፈ ምሳሌ ሲገዛ ዕቃውን እያጣጣለ ዋጋ አስቀንሶ ሲሄድ የሚመካውን ገዢ ታዝቦታል። ለማቅለጥ ነው ብሎ በኪሎ ሒሳብ ገዝቶ፣ በስቱኮ ደፍኖ ሐይቅ የሚያስገባ ሰው ሻጩን አታሏል፤ በጀልባው ለሚደርሰውም ጉዳት ኃላፊው ራሱ ነው። ከላይ የተጠቀሱት ምሁራን ከሻጭ የሚጠይቁት እውቀቱን ነው፤ ከገዢ ደግሞ ዓላማውን።

«ባለበት ሁኔታ» የሚለው የጨረታ ቃል ነገሩን ያወሳስበዋል። ድርጅቶች ያገለገለ ንብረት ሲሸጡ ለእንከን ኃላፊ አይደለንም ብለው በማስታወቂያ ያሳውቃሉ። ቃሉ በራሱ ክፉ አይደለም፤ ገዢውን ያስጠነቅቃል፣ ዋጋውም ያንን ይዞ ይወርዳል። ፊቅህ ይህን ከእንከን ነጻ መሆን ብሎ ሲመረምር መዝሀቦቹ፣ ማለትም የሕግ ትምህርት ቤቶቹ፣ ተለያይተዋል፤ ሐነፊዎች ሰፋ አድርገው ሲፈቅዱ ሻፊዒዎች ሻጩ ባላወቀውና በተሰወረ የእንስሳ እንከን ላይ ይወስኑታል። ሁለቱም መዝሀቦች በኢትዮጵያ ተከታይ አላቸው። የሻፊዒዎቹ ይበልጥ ያሳምናል፤ ንብረት ክፍሉ ጀልባው ምን እንደደረሰበት በእርግጥ ካላወቀ «ባለበት ሁኔታ» ማለቱ እውነት መናገር ነው፣ መዝገቡ ላይ የተሰነጠቀበት ቀን ተጽፎ እያለ ግን ያው ቃል መጋረጃ ይሆናል።

የ1952 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ፍትሐ ብሔር ሕግም በመንፈሱ ከዚህ አይርቅም። በፈረንሳዊው ምሁር በሬኔ ዳቪድ የተረቀቀው ይህ ሕግ ሻጩ ለዕቃው ጉድለት ዋስ እንዲሆን ያዛል፤ ገዢውም ዕቃውን በጊዜው መርምሮ ጉድለቱን እንዲያስታውቅ ይጠብቅበታል፤ ሻጩ ጉድለቱን በተንኮል ከደበቀ ከኃላፊነት የሚያወጣው የውል ቃል አይጸናለትም። ስለ ዝምታ በተለይ ቁጥር 1705 አለ። በተዋዋዮቹ መካከል ልዩ መተማመን የሚያስከትል ግንኙነት ካለ፣ አንዱ በዝምታው ሌላውን ሐሰት የሆነውን ነገር እንዲያምን ማድረጉ ውሉን ሊያስፈርስ ይችላል። ሕጉ ይህን ዝምታን የሚመለከት ድንጋጌ መተማመን ላለባቸው ሰዎች ወስኖታል፤ ሃይማኖት ግን መንገድ ላይ ለተገናኙ እንግዶችም ያደርገዋል። ልዩነቱ የሚጠበቅ ነው። ዳኛ የሚፈርደው በማስረጃ ነው፤ ሻጩ የሚያውቀውን ነገር ደግሞ ከራሱ በቀር ብዙ ጊዜ የሚመሰክር የለም።

በገበያው ውስጥ የደላላ ድርሻም አለ። ደላላ ዕቃውንም፣ ሻጩንም፣ ሌላ ገዢ አይቶ ለምን እንደተወውም ያውቃል። ኮሚሽኑን የሚያገኘው ሽያጩ ሲፈጸም ብቻ ስለሆነ ዝም ማለት ይጠቅመዋል። ዋሲላ ምንም ጥቅም ሳይኖረው የመናገር ግዴታ ካለበት፣ የሁለቱንም ወገን እምነት ሸጦ የሚበላ ሰው ግዴታ የበለጠ ይከብዳል። አሜሪካዊው ኢኮኖሚስት ጆርጅ አከርሎፍ በ1970 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጽሑፍ እንዳሳየው፣ ገዢ መልካሙን ከመጥፎው መለየት ባልቻለበት ገበያ ዋጋው ወደ መጥፎው ይወርዳል፤ ጤነኛ ዕቃ ያለው ሰው በዚያ ዋጋ መሸጥ ስለማያዋጣው ይወጣል። የእያንዳንዱ ደላላ ትንሽ ዝምታ ተደምሮ የሚጎዳው እንግዲህ ያልዋሸውን ሻጭም ጭምር ነው።

ክርክሩ ሁሉ የሚካሄደው በሻጭና በገዢ መካከል ነው፤ ጀልባው ላይ የሚቀመጡት ግን እነሱ ብቻ አይደሉም። መረብ ጎታቹ በቀን ሒሳብ የተቀጠረ ወጣት ሊሆን ይችላል፤ ጀልባው ሲገዛ አልነበረም፣ አልተጠየቀም፣ ዋጋም አልተቀነሰለትም። በጣና ሐይቅ አጥማጁ ከብቻ ቀዛፊነት ወደ ቡድን ሠራተኛነት ሲለወጥ በግልጽ ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ1986 በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ተሳትፎና ኡርክ ከተባለችው የኔዘርላንድስ የዓሣ አጥማጆች ከተማ በመጣ ድጋፍ የሞተር ጀልባና የናይሎን መረብ ሲገባ፣ ብቻውን በታንኳ ይቀዝፍ የነበረው አጥማጅ በቡድን ወደ ሩቅ ውሃ መሄድ ቻለ። ታንኳ ላይ ያለ ሰው የሚያምነው የራሱን ዓይን ነው፤ ሞተር ጀልባ ላይ ያለ ሠራተኛ ግን የሚያምነው የጀልባውን ባለቤት ነው፣ ባለቤቱም የሻጩን ቃል። ገዢው እንከኑን ሰምቶ በርካሽ ለመውሰድ ቢስማማ ስለ ራሱ መስማማቱ ነው፤ ስለ ሠራተኞቹ ሊስማማ አይችልም። ስለዚህ ለሕይወት የሚያሰጋ እንከን በዋጋ ቅናሽ ብቻ አይዘጋም። ሻጩ ነግሮ ሲቀንስ ሐቁን ከፍሏል፤ ገዢው ግን ሳይጠግን ሰው ቢጭንበት አዲስ ጥፋት ይጀምራል፣ ያም የገዢው ነው።

ሻጩ እንከኑን ያወቀው ከሸጠ በኋላ ከሆነስ? ለምሳሌ የቀድሞ ሠራተኛው ሳንቃው በስብሶ እንደነበር ከወር በኋላ ይነግረዋል። ሳያውቅ መሸጡ ኃጢአት አይደለም፤ አኩዊናስም ይህን ይላል። ካወቀባት ሰዓት ጀምሮ ግን ማካካስ አለበት። በኦርቶዶክሱ ንስሐ የሰው ገንዘብ የያዘ ሰው ንስሐ አባቱ መልስ ይለዋል፤ በወንጌል ዘኬዎስ ያታለለውን አራት እጥፍ እንደሚመልስ ቃል መግባቱም ለዚህ ይጠቀሳል። በእስልምናም ተውባ (ንስሐ) የሰው ሐቅ ባለበት ነገር ሐቁ ለባለቤቱ ካልተመለሰ አይሞላም፤ ባለቤቱ ፈጽሞ ካልተገኘ ደግሞ በስሙ ሰደቃ ይሰጣል። ጀልባ ግን ከእህል የሚለየው እዚህ ላይ ነው። ምጽዋቱ የተበላውን ገንዘብ ይተካል፤ ሐይቅ ላይ ያለውን ሰው አያድንም። ስለዚህ ስልክ መደወል፣ በሚያውቀው ሰው መላክ፣ ከተቻለ ባቱ ድረስ መሄድ ከገንዘቡ ይቀድማል፤ ገንዘቡ ከዚያ በኋላ ይታሰባል።

የመጨረሻው ጉዳይ የተታለለው ገዢ ነው። ጀልባው ሐይቅ ገብቶ ውሃ ሲያስገባ እንከኑን ያወቀው ሰው፣ የከፈለውን ለማስመለስ ቀለም ቀብቶ ለሌላ ዓሣ አጥማጅ ሊሸጠው ይችላል ወይ? ተጎጂነቱ እውነት ነው፤ ኪሣራውም ከባድ ነው። ነገር ግን የሚከሰው ሰው ያታለለው ሻጭ እንጂ ቀጣዩ ገዢ አይደለም። ሕጉ ጉድለቱን አስታውቆ የሚከራከርበትን መንገድ ሰጥቶታል፤ ፊቅህም የመመለስ መብት ሰጥቶታል። ሁለቱም ባይሳኩለት ሁለት መንገድ ይቀረዋል፤ በአርጎን አስበይዶ፣ ሳንቃውን አስቀይሮ፣ ምን እንደተጠገነ ተናግሮ መሸጥ፣ ወይም በኪሎ ለአቅላጭ መስጠት። በሁለተኛው መንገድ የሚያገኘው ብር ከከፈለው እጅግ ያነሰ ይሆናል፤ ቀሪው የመጀመሪያው ሻጭ ዕዳ ሆኖ ይኖራል።